የሙሉነሽ ሁለት ዕድሜ

ሙሉነሽ የዲቪ ፎርም ስትሞላ የትውልድ ዓመቷን 1960 ብላ ጻፈች። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው፤ የተጠየቀችው ግን በፈረንጅ ነበር። ዲቪው ደረሳት፣ ፓስፖርቱም ፎርሙን ተከትሎ ወጣ። ስህተቷን ያወቀችው ቪዛው ከተመታ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዝም ማለት ይሻላል። ሎስ አንጀለስ ስትገባ በአንድ በረራ ስምንት ዓመት አረጀች። ዛሬ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መታወቂያዋ ስልሳ አምስት ይላል። ሰዎች «ዕድሜሽን አትመስይም» ሲሏት «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች።

ከምትኖርበት ከኮሪያታውን ወደ ፌርፋክስ ሰፈር በአውቶቡስ እየተመላለሰች ሚስተር ዶላን የሚባሉ ሽማግሌ ትንከባከባለች። ሰውዬው ከአየርላንድ በመርከብ የመጡትን ቅድመ አያታቸውን በኮምፒውተር መፈለግ ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ባለፈው ማክሰኞ በአንድ የመርከብ መዝገብ ላይ የቅድመ አያታቸው ስም፣ ማይክል ዶላን፣ ተገኘ። መንደሩ ያው ነው፣ ሚስቱም ያቺው ብሪጂት ናት። የትውልድ ዓመቱ ግን ቤተሰቡ ከሚያውቀው በስድስት ዓመት ይለያል።

«እሱ አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «በተወለደበት ዓመት የሚሳሳት ሰው የት አለ?»

ሙሉነሽ መታወቂያዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው። አስራ አራት ዓመት ሙሉ ለቸርች ጓደኞቿ እንኳ ያልተናገረችውን ነገረቻቸው።

ሽማግሌው መታወቂያውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ። ከዚያ ማይክልን በዘር ሐረጋቸው ላይ ሴቭ አደረጉት።

«እሺ፣ ግን በኋላ ለምን አላስተካከለውም?»

ሙሉነሽ የከሰዓቱን ክኒን በውሃ አቀበለቻቸው።

«ሚስተር ዶላን፣ አንዴ ከገቡ በኋላ ማን ተመልሶ በር ያንኳኳል?»