አማቴን ዝም ያሰኘሁበት ቤት

ይህን ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም። ልጄም ዛሬ የልጆች እናት ሆና አታስታውሰውም። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ስሙኝና የፈለጋችሁትን ፍረዱ። እኔ አንድ ሽማግሌ ሰው በገዛ ልጃቸው ቤት አፋቸውን አስዘግቻለሁ።

ከአዲስ አበባ እስራኤል በአውሮፕላን ከመጣን ገና ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነን ነው። አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ሔት በሚሉት ሰፈር፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ላይ ቤት ደርሶን እኔ፣ ባሌ፣ ልጃችን ሙሉና የባሌ አባት አባባ ተገኘ አብረን እንኖር ነበር። ባሌ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል፤ እኔ ጧት ጧት ኡልፓን ሄጄ ዕብራይስጥ እማራለሁ። ሙሉ መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች፤ እዚህ ጋን ይሉታል። መምህሯን እንዳገሩ ቋንቋ «ጋኔኔት» ብላ ስትጠራ አባባ ደንግጠው፣ ልጁን ለጋኔን የሚሰጥ ምን ዓይነት አገር ነው ብለው እንዳሳቁን ትዝ ይለኛል። ያኔ ገና ይናገሩ ነበር።

አንድ ቀን መምህሯ ጠርታኝ፣ ልጅቷ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርታለችና ቤት ውስጥ ዕብራይስጥ ብቻ አውሯት አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ ለልጅቷ አስባ ነው። እኔ ግን ምን ነካኝ? ቤት ስገባ አባባ ሙሉን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ በጉብዝናቸው ጊዜ አንገረብ ወንዝ ሞልቶ የበቅሏቸውን ጭራ ይዘው የተሻገሩበትን ሲያወጉላት ደረስሁ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ ልጅቷን በአማርኛ አያውሯት። ዕብራይስጥ ካልቻሉ ዝም ይበሉ» አልኋቸው።

ዝም ይበሉ። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ፣ ምራታቸው። አገር ቤት ቢሆን ቀና ብዬ ፊታቸውን የማላያቸውን ሰው።

«እሺ ልጄ» አሉኝ። «ለሷ የሚበጃት ከሆነ እሺ።»

ዝምም አሉ። ዓርብ ሲመሽ ሰንበትን ስንቀበል፣ የልጅቷን ራስ ይዘው ሲመርቁ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። አየሁ። አይቼ ምንም አላልሁም። ባሌ አባቴን አሟቸዋል እንዴ ቢለኝ፣ እርጅና ነው አልሁት። እሱንም ዋሸሁት።

እኔስ በምትኩ ለልጄ ምን ሰጠኋት? ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ፣ አይሆንም። የኔ ዕብራይስጥ ይኸው ነበር። ትኩሳት ይዟት ስታለቅስ አቅፌያት ማባበያ ቃል አጣሁ። በአማርኛ ስንት ነበረኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥሁት። ይህ ነው ለልጅ ማሰብ?

ከሰዓት ሙሉን ከጋን የሚቀበሏት አባባ ነበሩ፤ ከዚያ ባሕሩ ዳር ወስደው ያጫውቷታል። አንድ ቀን ልቀላቀላቸው ብዬ ወረድሁ። ከሩቅ የጎንደር አማርኛ ሰማሁ፤ አነጋገሩ የሽማግሌ፣ ድምፁ የልጅ። ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆማ ለሰፈራችን ሽማግሎች የአንገረብን ወግ ታወራለች። እጇን እንደ አያቷ እየወረወረች «ወግድ! አልሁት ውኃውን» ስትል ሽማግሎቹ በሳቅ ይንከተከታሉ።

አየችኝ። አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ በዕብራይስጥ፣ «እማ፣ እኛ አላወራንም» አለችኝ። ትንሽ ልጅ አፍ የፈታችበትን ቋንቋ እንደ ሌብነት ስትደብቅ አይታችኋል? ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ቤትሽ ውስጥ ዝም በሉ አልሽኝ፤ ዝም ብያለሁ። ይኼ ግን ቤትሽ አይደለም» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። እንዲያው ቀጥ ብለው ቆመው ነገሩኝ።

ካግዳሚው ጫፍ ተቀመጥሁ። ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ነው፣ በአማርኛ። «ጨርሽው» አልኋት። አያቷን አየቻቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁላት። ጨረሰችው። በቅሎዋም ከውኃው ወጣች፣ አያቷም ወጡ፣ ሽማግሎቹ አጨበጨቡ። ያን ዕለት ቤታችን የሠርግ ቤት መሰለ፤ ባሌ ከፈረቃ ሲመለስ ሳቃችንን ገና ደረጃው ላይ ሳለ ሰማው። የዓርቡ ምርቃትም በድምፅ ሆነ፤ ያውም እስከ ጎረቤት በሚሰማ ድምፅ።

ዕብራይስጡስ? እሱም አልጠፋ። በዓመቱ መጨረሻ የጋኑ በዓል ላይ ሙሉ ያንኑ ወግ በዕብራይስጥ ተናገረች፤ በየመካከሉ ወደ አያቷ ዞር እያለች በአማርኛ ትነግራቸዋለች፣ እሳቸውም «ልክ ነው» ይሏታል። አዳራሹን የሞላው ወላጅ ተነሥቶ አጨበጨበላት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መምህሯም መጥታ እጄን ያዘችኝ። «እኔ ተሳስቼ ነበር፤ አንቺ ግን ሳትሰሚኝ ሁለቱንም ቋንቋ ጠብቀሽላታል፣ ጎበዝ እናት ነሽ» አለችኝ። እኔም አመሰገንኋት። ሌላ ቃል አልጨመርሁም። ዕብራይስጥ የማይሰሙት አባባ «ምን አለችሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ልጅቷን አመሰገነቻት አልኋቸው። ደስ ብሏቸው ለኔም አጨበጨቡልኝ።

እሳቸው ካረፉ ቆዩ። ሙሉ ዛሬ ልጆቿን በሁለቱም ቋንቋ ታሳድጋለች፤ ሰው ሁሉ ምስጋናውን ወደኔ ያመጣዋል፣ እኔም እቀበላለሁ። ለአገሩ እንግዳ ነበርሁ፣ ፈርቼ ነበር ማለት ይቻለኛል። አልልም። እሳቸውም እንግዳ ነበሩ። ድሉ የሳቸው ነው፣ የሳቸውና የልጅቷ። አባባ፣ ያን ቀን መምህሯ ያመሰገነችው አንቱን ነበር። የወሰድሁብዎ እኔ ነኝ።