እስከ ደረት የሚደርስ ባሕር

የብረት ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀበለኝ ሽታው ነው፤ ያረጀ ጎማና የሕፃን ፓውደር። አባቴ የመጥለቂያ መነጽሩ ጎማ እንዳይሰነጠቅ ፓውደር እየነሰነሰ ነበር የሚያስቀምጠው። እኔም ልማዱን አልተውኩም። ባለፈው ቅዳሜ ልብስ ስፈልግ ሳጥኑን ከፈትኩና ልብሱን ረስቼ፣ መነጽሩን ጭኔ ላይ አድርጌ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ታሪኩን ልንገራችሁ። ትንሽ ብኩራራ ደግሞ ቻሉኝ፤ ቂርቆስ አድጎ የባሕር ወለል በእጁ የነካ ሰው ብዙ አታገኙም።

አባቴ በወጣትነቱ ምጽዋ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበር። ሥራው ከመርከብ ሆድ ሥር እየገባ መፈተሽ ነው። መንግሥት ተለውጦ ባሕር ኃይሉ ሲበተን፣ እናቴንና ገና ዳዴ የምለዋን እኔን፣ አንድ ሻንጣና ይህን መነጽር ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ቄራ አካባቢ ትንሽ ቦታ ተከራይቶ ጎሚስታ ሆነ። ግራ ጆሮውን ግን ባሕሩ አስቀርቶበታል። ታምቡሩ ተቀዶ ስለነበር ሐኪም ውሃ የሚባል ነገር እንዳያስነካው አስጠንቅቆት ነበር። ፀጉሩን ሲታጠብ እንኳ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ይወትፍበት ነበር።

የሥራ ቦታው መሀል ላይ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ውሃ ሞልቶ ይቀመጥ ነበር። የተነፈሰ ጎማ ሲመጣ ውስጠኛውን ላስቲክ ነፍቶ ውሃው ውስጥ ይደፍቀዋል፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ በርሜል አጠገብ ቁጭ ብዬ አረፋ መጠበቅ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን መነጽሩን ከቤት አምጥቶ ማሰሪያውን አሳጠረና ፊቴ ላይ ገጠመልኝ። ጎንበስ ብዬ ፊቴን በርሜሉ ውስጥ ነከርኩ። የዛገ ወለል፣ አንድ የጠፋ ሚስማር፣ ላስቲኩን የሚያገላብጡ የአባቴ ጥቁር ጣቶች፣ ሁሉም ከመጠናቸው ገዝፈው ይታዩ ነበር። የመኪናው ጥሩምባና የሥጋ ቤቶቹ ጫጫታ ድንገት ጠፋ። ቀና ስል ዓለም ተመልሶ ጮኸብኝ።

እዚህ ላይ ነው አባቴ የተሳሳተው፤ ወይም የተሳካለት። ከባሕር ሥር ስላለው ነገር ይነግረኝ ጀመር። ሕይወት ያለው ድንጋይ እንዳለ፣ ኮራል እንደሚባል፣ አንዳንዱ እንደ አበባ ጎመን የተቋጠረ፣ አንዳንዱ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ ያወጣ መሆኑን፣ ዓሦች በመሀሉ እንደ ሠፈር ልጅ ገባ ወጣ እንደሚሉ ነገረኝ። የሠፈሩ ሰው ወደብ የሌለው መርከበኛ እያለ ሲቀልድበት የሚስቅ ሰው፣ ስለ ኮራል ሲያወራ ግን ድምፁ ይለወጥ ነበር። እኔም ካላየሁ ብዬ ያዝኩት። በቃ ሌላ ወሬ አልነበረኝም።

እናቴ ሜክሲኮ አካባቢ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር። ነገር ስትወስን እንደ ማኅተም ነው፣ አይነሣም። አንድ ማታ ራት ላይ አባቴን ቀጥ አድርጋ አየችውና፣

«ባሕሩ ጆሮህን ወስዷል። ልጄን አልጨምርለትም» አለችው። ቀጥላ ደግሞ፣ «በእግሯ የምትገባበት፣ አንተም ጆሮህ ሳይነካ ቆመህ የምትይዛት ቦታ ካገኘህ ትሂድ። ካላገኘህ ነገሩ እዚህ ያብቃ።»

እሷ በሩን በትሕትና መዝጋቷ ነበር። አባቴ ግን የሥራ ትእዛዝ የተቀበለ ነው የመሰለው። በማግሥቱ ፍለጋው ተጀመረ።

ከአዲስ አበባ ሆኖ ባሕር የሚፈልግ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምጽዋ በዚያን ጊዜ ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት ምክንያት የማይታሰብ ነበር፤ የቀረው ጅቡቲ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱት ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌሮች ናቸው፣ ሹፌሮች ደግሞ ጎሚስታ አይለያቸውም። አባቴ ጎማ እየፈታ ይጠይቃቸው ጀመር። ውሃው ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው ወይስ ገደል ነው? መግቢያው አሸዋ ነው ወይስ እግር የሚቆርጥ ድንጋይ? ማዕበሉ የሚሰበረው ዳር ላይ ነው ወይስ ራቅ ብሎ? አብዛኞቹ ያፍጡበት ነበር። አንዱ ለዓመታት ሲመላለስ ባሕሩን በመኪናው መስታወት ብቻ እንዳየው ነገረው። አንዱ ጥሩ ያለውን ቦታ ሲያብራራ ዓሣ አጥማጆች ጀልባ የሚያስጠጉበት ጥልቅ ሆኖ ተገኘ። ሌላው የጠቆመው ደግሞ ጥልቀቱም መግቢያውም ልክ ነበር፤ ግን ንጹሕ አሸዋ ብቻ ነው፣ ኮራል የሚባል የለበትም። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። አሸዋ ለማሳየት ልጄን ጅቡቲ ድረስ አልወስድም አለ።

ፍለጋው ሲራዘም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ካዛንቺስ የነበረ የአንድ ሆቴል መኪኖች ጎማ እሱ ጋ ነበር የሚሠራው። የመዋኛው ጠባቂ ወዳጁ ስለነበር እንግዶች ሳይነሡ በማለዳ ያስገባን ጀመር። ውሃው ከፍልውሃ የሚመጣ በመሆኑ ለብ ያለ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እንፋሎት ይጨስበታል፣ የብረት ሽታም አለው። አባቴ ወገቤ ላይ ገመድ አስሮ ዳር ላይ ይቆማል። አንድ ጊዜ ሲስብ ደህና ነሽ ወይ ማለቱ ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ እስባለሁ። ሁለት ጊዜ ከሳበ ያለ ምንም ክርክር መውጣት ነው። ውሃው ወደ ላይ እንዳይገፋኝ፣ ለጎማ ሚዛን ቸርኬው ላይ የሚመታውን እርሳስ አቅልጦ በሰርዲን ጣሳ አፈሰሰና ከውስጥ ጎማ በተቆረጠ ቀበቶ አሰረልኝ። እየጨመረ፣ እየቀነሰ፣ ልክ ወለሉ ላይ ቁጭ የሚያደርገኝን መጠን አገኘ። በሥራው ኮራ ብሎ ነበር።

ከሹፌሮቹ አንዱ፣ ካዛንቺስ የሚኖር ተጫዋች ሰው፣ የአባቴ ጥያቄ ገብቶት ኖሮ አንድ ቀን ሰማያዊ ቱታውን እንደለበሰ መጣ። ቱታው ደረቱ ላይ ዙሪያውን ነጭ መስመር አለበት።

«ጋሼ፣ ይኸው ባሕርዎን ለብሼ መጣሁ» አለ። «ሚስቴ ካላጠብኩት ብላ ስንት ተጣላን መሰልዎ።»

ጨው ነው። ኮራሉ ያለበት ድረስ ከነልብሱ በእግሩ ገብቶ፣ የደረሰበትን ጥልቀት ቱታው ላይ ይዞልን መጣ። አባቴ መፍቻውን ጣለ። ስንት ጊዜ ያልሳቀውን ሳቅ ሳቀ። ዳር ላይ ያሉት ድንጋዮች ከውሃው በላይ እርጥብ ነበሩ ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ሹፌሩ ደረቅ ነበሩ አለ። ደረቅ ከሆኑ ውሃው ሞልቶ ነው ማለት ነው፣ ከዚያ በላይ አይወጣም። ሹፌሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በጨው መስመሩ ትይዩ በጠመኔ አሰመረ። ቀጥሎ ራሱ ቆመ፤ መስመሩ ደረቱ ላይ አረፈ። እኔን አቆመኝ፤ ከአፍንጫዬ በላይ ሆነ።

ቅዳሜ እናቴ ግድግዳውን እንድታይ ተጠራች። ከነቢሮ ልብሷ መጥታ ጎማዎቹን እየተሻገረች ደረሰች። አባቴን መስመሩ ጋ አቆመችውና ከመስመሩ እስከ ጆሮው በስንዝሯ ለካች። አንድ ጊዜ አልበቃትም፣ ደግማ ለካች። በመጨረሻ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ ጥጡን ከነቫዝሊኑ እኔ ነኝ የማሸግልህ አለችው። መፍቀዷ ይህ ነበር።

በክረምቱ ዕረፍት የጉዞ ወረቀት አውጥተን፣ እናቴ ጥጡን አሽጋ ሸኝታን፣ እኔና አባቴ በሹፌሩ መኪና ወረድን። ከመነሣታችን በፊት አባቴ መነጽሩን በርሜሉ ውስጥ ደፍቆ ለመጨረሻ ጊዜ ፈተሸው፤ አረፋ የለም። ሙቀቱን፣ አቧራውንና ኬላውን አልተርክላችሁም፣ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ባሕሩ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነበር። አባቴ መስኮቱን አወረደና ዓይኑን ጨፈነ።

ቦታው እንደተባለው ነው። መኪናው ከሚቆምበት ጥቂት ወረድ ይባልና አሸዋው ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ይገባል። ማዕበሉ ራቅ ብሎ ይሰበራል፤ ዳር የሚደርሰው ትንፋሹ ብቻ ነው። አባቴ ለሁለታችንም ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ሠርቶ ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን። ደረቱ ጋ ሲደርስ እኔ አንገቱን ይዤ ተንሳፍፌ ነበር። ገመዱን አሰረልኝ፣ እርሳሱን አጠበቀልኝ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ ጠለቅሁ።

አልሰጠምኩም። እንደ ቡሽ ተመልሼ ወጣሁ። ደግሜ ሞከርኩ፣ እግሬን አራገብኩ፣ ውሃው ግን ጀርባዬን ይዞ ወደ ላይ ይገፋኛል። ሹፌሩ ከዳር ሆኖ ባሕሩ አልፈለጋትም እያለ ይስቅ ነበር። እኔ ልቅሶዬ መጣ፤ ያ ሁሉ ጠዋት፣ ያ ሁሉ ጥያቄ በከንቱ ሊቀር ነው ብዬ። አባቴን ሳየው ግን ፊቱ ከእኔ የባሰ ነበር። እጁን ውሃው ውስጥ ነክሮ ወደ ከንፈሩ አስጠጋ።

«ጨው መሆኑን ረሳሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ጨው ውሃ ሰው ያነሣል። ይሄን እኔ ልርሳው?»

እርሳሱን የመጠነው በካዛንቺስ ገንዳ ነበራ። በጎማና በበርሜል መሀል ባሳለፋቸው ዓመታት፣ ያደገበትን ባሕር ጣዕም ረስቶታል። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ግን ያን ዕለት ምን ያህል እንደራቀው ገባኝ፤ አዘንኩለትም። ያዳነን ሹፌሩ ነው። ሳቁን አቋርጦ ወደ መኪናው ሮጠና ትርፍ የጎማ ብሎኖቹን በካልሲ ቋጥሮ እየተንቦጫረቀ መጣ። አባቴ ካልሲውን ቀበቶዬ ላይ አሰረው፣ በእጁ መዘነ፣ ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ወረድኩ። ዝምታው ያው የበርሜሉ ዝምታ ነበር፣ ብቻ ስፋቱ ማለቂያ አልነበረውም። ፀሐይዋ አሸዋው ላይ እየተጠላለፈች ትጫወታለች። የአበባ ጎመኑ እዚያ ነበር። የአጋዘኑ ቀንድ እዚያ ነበር። ቢጫ ዓሦች በግንባሬ አጠገብ ሲያልፉ ምንም አልመሰልኳቸውም። እጄን ዘርግቼ አሸዋውን ነካሁ። ዞር ስል ደግሞ የአባቴን እግሮች አየሁ፤ በበረባሶ፣ አሸዋው ላይ ተተክለው፣ ግራና ቀኝ ኮራል፣ አንዲት ሰማያዊ ዓሣ ቁርጭምጭሚቱን ትዞረው ነበር። ገመዱ አንድ ጊዜ ተሳበ። እኔም ሳብኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተምሬአለሁ፣ ብዙ ቦታ ሄጃለሁ፤ ያን ያህል ደህና ሆኜ ግን አላውቅም።

ስወጣ ምን አየሽ አለኝ። ሁሉንም እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ቀለማቸውን ይጠይቀኛል፣ ስነግረው ዓይኑን ውሃው ላይ ይተክላል፤ የሚያየው ግን የራሱን ጥላና የፀሐይ ነጸብራቅ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ፈልጎ አገኘልኝ፤ መሀሉ ላይ ቆሞ እሱ ራሱ አያይም። ነገሩ አንገበገበኝ። መነጽሩን ከፊቴ አወለቅሁና መስታወቱን ወደ ታች አድርጌ ውሃው ላይ በሁለት እጄ ያዝኩት።

«አባዬ፣ ጎንበስ በል። ፊትህን ብቻ አስጠጋ፣ ጆሮህ አይነካም። በመስኮት እንደማየት ነው።»

በአንድ ክንዱ አቅፎኝ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ትከሻው እንደ ድንጋይ ጸጥ ብሎ ነበር። ቀና ሲል መነጽሩ ውስጥ፣ መስታወቱ ላይ፣ ጥቂት ውሃ ተጠራቅሞ አየሁ።

«ይሄ መነጽር ያፈሳል» አለ።

«ስንመለስ እንለጥፈዋለን» አልኩት።

ስንመለስ እናቴ መጀመሪያ ያየችው ጆሮውን ነበር። እሱ ግን ለወራት የመጣውን ሹፌር ሁሉ ልጄ ባሕር ወርዳለች እያለ አሰለቸ። የጠመኔውን መስመር በቀለም ደገመበት፤ ሰው ምንድን ነው ሲለው፣ ይሄ ባሕር ነው ይላል። ግድግዳው ቦታው ሲፈርስ አብሮ ሄደ። አባቴም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሄደ። መነጽሩን ግን አንድም ቀን ልለጥፈው ብሎ አላነሣም።

ባለፈው ቅዳሜ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ውሃ ሞላሁና መስታወቱን ወደ ታች አድርጌ መነጽሩን ውሃው ላይ ያዝኩት። እሱ የቆየውን ያህል ቆየሁ። አንዲት ጠብታ አልገባችበትም። በፎጣ አደረቅሁት፣ ፓውደሩን ነሰነስኩበትና ወደ ሳጥኑ መለስኩት።