የአንድ ወንበር ቀበቶ

ከአገራችን ርቀን፣ ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር ባልንጀራዬ በተከራየው ግቢ ውስጥ አውሮፕላን ሠርተናል። እሱ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው፣ የማብረር ፈቃድ አለው፤ እኔ በያጅ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ስለሆነ የእንግሊዝኛውን መመሪያ እሱ ያነብልኛል፣ ብረቱን እኔ እቆርጣለሁ።

በሐምሌ ብርድ ጉም ግቢው ውስጥ ይተኛል። ገና ክንፍ ያልተገጠመለት አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ፣ ቀኙ ወንበር ላይ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጉሙ ጉንጬን እየዳበሰ ሲያልፍ መሬቱ ከሥሬ ቀስ ብሎ የሚሸሽ ይመስለኛል፤ በመንገዱ የሚያልፈው የማታቱ ታክሲ ጥሩምባ እንኳ ከታች፣ ከሩቅ የሚሰማኝ ይሆናል። ዓለም የሰጠችኝ ነገር የለም። ያን ወንበር ግን የኔ ነው አልኩ።

መጨረሻ ላይ ገንዘቡ ለሁሉ አልበቃ አለ። እኔ ለሁለታችንም የትከሻ ቀበቶ አልኩ፤ የወገቡ ብቻውን ሲሆን ወገብን ይዞ ፊትን ለብረቱ ይሰጣል። እሱ ካርታ የሚያሳይ ትልቅ ስክሪን ፈለገ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልንበርር ነው ወይስ ልንወድቅ?»

«የበረረ ሁሉ ይወርዳል። የማወራው ስለ አወራረዱ ነው።»

«ሟርተኛ!»

«ጥርስህ ሲረግፍ ካርታው የት እንዳለ ያሳይሃል።»

ተኮራረፍን። እንደ አገራችን ወግ ሽማግሌ ገባ። ከኢስሊ ገበያ አንድ ሐጂ፣ የጨርቅ ነጋዴ፣ መጥተው አውሮፕላኑን ዞረው አዩ፤ ጎኑን እንደሚሸጥ በሬ መታ መታ አደረጉት።

«ልጆቼ፣ ስክሪኑ አነስ ያለው ይሁን። ቀበቶውም አንድ ይገዛ» አሉ።

«ሐጂ፣ የምንቀመጠው እኮ ሁለት ነን!» አልኩ።

«ሁለት ስለሆናችሁ አይደል የማካፍላችሁ? በሉ ተነሱ፣ ይቅር ተባባሉ።»

ሽማግሌ ረገጠ እንዳልባል ተነስቼ ሳምኩት። ሙክት ቢሆን ለሁለት ይካፈላል፤ ነፍስ ግን እንዴት ተብሎ?

ቀበቶው ሲመጣ ለአብራሪው ወንበር ገጠምኩት። እሱ ራሱን ከሳተ ሁለታችንም አለቅን።

«ላንተ በኋላ እንገዛለን። እስከዚያ ቀስ ብዬ ነው የማበርረው» አለኝ።

«አውሮፕላን ቀስ ካለ ይወድቃል፣ ወንድሜ።»

ከዚያ መፍቻዬን አንስቼ ቀኙን ወንበር ነቀልኩት።

ሥራው ሲያልቅ፣ ከከተማው ወጣ ካለ የሣር ሜዳ ባልንጀራዬ ብቻውን ተነሳ። ድምፁ ጠፋ፣ ቀጥሎ እሱም ብርሃኑ ውስጥ ሟሟ። ሰማዩ ማንም ያልነካው መሰለ። ሲመለስ አውሮፕላኑ መሬቱን መትቶ ነጠረ፣ እንደገና ነጠረ፣ በአፍንጫው ሣሩን አርሶ ቆመ። ሮጬ ደረስኩ። ቀበቶው ወንበሩ ላይ አጣብቆ ይዞታል፤ ፊቱ ላይ ጭረት የለም። ቀኝ በኩል ያለው ብረት ወንበሬ የነበረበትን ባዶ ቦታ ያያል።

ዘለበቱን ፈታሁለት።

«ከላይ ምን ይመስላል?» አልኩት።