ዲስክ ይዛ ደቅ የተሻገረችው ዘይነት

ዘይነት ኑርሑሴን በሱቋ በር ላይ የለጠፈችው ማስታወቂያ ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ «ኮምፒውተር እንጠግናለን። ከየት እንዳመጣችሁት የማታውቁትን ፕሮግራም እናወጣለን።» ሱቋ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአባቷ የጨርቅ ሱቅ ጎን ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሐጂ ኑርሑሴን ከደንበኛ ጋር ሲከራከሩ እሷ ትሰማለች፤ እሷ ከማሽን ጋር ስትነታረክ ደግሞ እሳቸው ይሰማሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የምትቆጪው?» ይሏታል ከማዶ።

ሐጂ ኑርሑሴን ጣቃ ጨርቅ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋውን አይደለም። «ማን ላከው? እሱስ ከማን ገዛው?» ይላሉ። መልሱ ከተምታታባቸው ጨርቁ የቱን ያህል ቢያምር አይነኩትም። ዘይነት ከባንኮኒው ሥር ተቀምጣ የቤት ሥራዋን እየሠራች ይህን ጥያቄ ስትሰማ ነው ያደገችው።

ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ፕሮግራም የሚያገኙት ምንጭ ከሚባል ማከማቻ ነው። ማሽኑ የትኞቹን ማከማቻዎች እንደሚያምን የሚገልጽ አጭር መዝገብ በውስጡ አለ፤ እያንዳንዱ ማከማቻም የራሱ ማኅተም አለው። ማኅተሙ ካልተረጋገጠ ማሽኑ ዕቃውን አልቀበልም ይላል። ዘይነት በሙያ ኮሌጅ ሳለች ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታነብ፣ «ይኼማ አባቴ ነው» ብላ ብቻዋን እንደሳቀች አጫውታኛለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሥርዓት አላማራትም።

ኢንተርኔት ለወራት በጠፋ ጊዜ የከተማው ኮምፒውተር ጠጋኞች ብዙዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እሷ ግን አዲስ አበባ ሄደች፤ አክስቷ ቤት አንድ ሳምንት ተቀምጣ ሙሉውን ማከማቻ ከነማኅተሙ በአንድ ዲስክ ገልብጣ ተመለሰች። በየጊዜውም ታድሰዋለች። ክሊኒኩም፣ ማተሚያ ቤቱም፣ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪዎቹም የሚመጡት ወደ እሷ ነው። አቀናባሪዎቹ ካገኙበት ሁሉ ምንጭ ጨማምረው ፊልሙ ድምፅ አልባ ሲሆንባቸው አንገታቸውን ደፍተው ይገባሉ።

«ይህን ምንጭ ማን ጨመረው?»

«አንድ ቪዲዮ ላይ አይቼ ነው፣ ዘይኑ።»

«ሰውየውን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«የማታውቀው ሰው እራት ቢያቀርብልህ ትበላለህ?»

«ከራበኝማ እበላለሁ!»

ዘይነትን በደንብ ያወቅኋት ባለፈው የካቲት ነው። የብርጓል ከደቅ ደሴት ደወለችልኝ። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረናል፤ ከክፍላችን ተነሥታ ወደ ተወለደችበት የተመለሰች እሷ ብቻ ናት። ደቅ ላይ ሕፃናት ታስተምራለች። አባቷ የኔታ ጥዑመ ልሳን ደግሞ የድጓ መምህር ናቸው፤ በሐይቁ ዙሪያ ባሉት ደብሮች የሚያገለግሉ ስንት ቀሳውስት ከእሳቸው አፍ ዜማ ተቀብለዋል።

«አባቴን ምላሳቸውን ያዛቸው» አለችኝ። «ከመስቀል ወዲህ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። አርባ ተማሪ ነበር፤ አሁን ዐሥራ አራት ቀርቷል። እነሱም በቅዳሜው ጀልባ ሊሄዱ ነው።»

የዜማው ምልክት በመጽሐፍ ላይ አለ፤ ድምፁ ግን ከመምህር የሚወሰድ ነው። መምህር ዝም ካለ ጉባኤው ይበተናል። የብርጓል ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷን ሲያስተምሩ በስልኳ ስትቀርጽ ኖራለች፤ ስልኩ ሐይቅ ውስጥ ከመውደቁ በፊትም ቅጂውን ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጣዋለች። በርዳታ የመጡት ስድስቱ ኮምፒውተሮች ሊኑክስ ናቸው። ቪዲዮውን ስትከፍተው ምስል የለም፣ ድምፅ የለም፤ ኮዴክ፣ ማለትም ቪዲዮውን ፈትቶ የሚያጫውት ፕሮግራም፣ አልተጫነም የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው የሚወጣው።

የአባቴ ድምፅ የነበረበትን ካሴት ቤት ስንቀይር የጣልሁት እኔ ራሴ ነኝ። ዛሬ ከድምፁ የማስታውሰው ሳሉን ብቻ ነው። ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ዘይነት ሱቅ ሄድሁ።

«ላፕቶፔን ወስጄ ላጫውትላቸው እችላለሁ» አለች ነገሩን ሰምታ። «ግን እኔ ስመለስ ላፕቶፑም ይመለሳል። የእነሱው ማሽን ነው መናገር ያለበት።»

ሐሙስ ጠዋት ሐጂ ኑርሑሴን ዲስኩን በአቡጀዲ፣ ከዚያ በላስቲክ ጠቅልለው ቋጠሮውን ራሳቸው አሰሩት። «ውሃ እንዳይነካው። ደግሞ የኔታን እጅ ነሥተሽ ሰላም በያቸው» አሏት። ተሻገርን።

ያን ሰሞን ረመዳኑም ዐቢይ ጾሙም አንድ ላይ ገብተው ነበር። «ምሳ አላቀርብልሽም» አለቻት የብርጓል እየሳቀች፤ «ባቀርብም የምትበይው አንቺ አይደለሽ፣ የምበላው እኔ አይደለሁ።»

ኮምፒውተሮቹ ያሉት በአንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ የሚሠሩትም በፀሐይ ኃይል ነው። ዘይነት የምንጮቹን መዝገብ ከፍታ የማይደረስባቸውን የኢንተርኔት አድራሻዎች ዘጋች፤ በምትካቸው የራሷን ዲስክ መዘገበች። ማሽኑ ዲስኩን አነበበና እንቢ አለ። የዚህ ማከማቻ መዝገብ ገና አልጸናም፣ ከሁለት ሺህ ሰባት መቶ ቀን በላይ ይቀረዋል፣ የሚል ነገር ጻፈ።

«ሁለት ሺህ ምን?» አለ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ሣህሉ።

«የማሽኑ ቀን ተሳስቶ ይሆናል» አለችና የስክሪኑን ጥግ አየች። «የለም፣ ልክ ነው። ዲስኩን አንድ ነገር ነክቶታል ማለት ነው።»

ሁለተኛውን ኮምፒውተር ሞከረች፤ ሦስተኛውን ሞከረች። ስድስቱም ያንኑ አሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባትሪው ደከመ። ዘይነት በውሃና በቴምር አፈጠረች።

ዓርብ ጠዋት ዐሥራ አራቱ ተማሪዎች በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ትልቁ ዲያቆን አካሉ ነው፤ የኔታ ዘንድ ዘጠኝ ዓመት ቆይቷል። «እትዬ፣ ጓዛችንን ሸክፈናል» አላት ለዘይነት፣ መሬት መሬት እያየ። «መቅረት ጠልተን አይደለም።»

ሣህሉ ጠጋ አለ። «ማኅተሙን ሳትፈትሽ እለፍ የሚያሰኝ ትእዛዝ አለ ይባላል። ለምን አትጽፊውም?»

«አለ። አልጽፈውም።»

«ነገ ቅዳሜ ነው እኮ! ከባሕር ዳር ድረስ ዲስክ ተሸክመሽ መጥተሽ በማኅተም ትጨቃጨቂያለሽ?»

«ዛሬ አትፈትሽ ካልሁት ነገም አይፈትሽም። እኔ ስሄድ የመጣ ሁሉ የሚገባበት በር ሆኖ ይቀራል። በሰው ቤት በር ገንጥዬ አልሄድም።»

«የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ማለት ይህቺ ናት» አለ ሣህሉ ወደ እኔ ዞሮ።

«አዎ፣ ነኝ» አለች ሳትዞር።

የኔታ የገቡት በዚህ መካከል ነው። ቀጭን፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፤ ተማሪዎቹ ከሁለት ወገን ደግፈዋቸዋል። ዘይነት ተነሥታ እጅ ነሣች፤ የአባቷንም ሰላምታ አደረሰች። የኔታ ተቀመጡና ኮምፒውተሩን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ መቋሚያቸውን አንሥተው የስክሪኑን ጥግ፣ ቀኑ የተጻፈበትን ቦታ፣ ቀስ አድርገው ነካ ነካ አደረጉት። ፈገግ አሉ። ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፈገግታ ነበር።

«ምን እያሉ ነው?» አለች ዘይነት።

የብርጓል ሳቀች። «እሱ ነው ኩራታቸው! አምና ሊጎበኙን መጥተው ዓመቱን ሲያዩት የፈረንጅ ነው። “ይህ ዕቃ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ስቷል፤ ለልጆች ስሕተት አይታይም” ብለው ስድስቱንም አሳርመውኛል። ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምር ሰው ፊት ዘመን ይሳታል?»

ዘይነት ስክሪኑን አየች። 2017 ይላል። ትናንትና ዛሬ ሃያ ጊዜ አይታዋለች፤ ዓመቱ 2017 ስለሆነም ልክ ነው ብላ አልፋዋለች። ከዚያ ዲስኩ ላይ ያለውን መዝገብ አየች፤ እሱ 2025 ይላል። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔም አየሁት እኮ! በዐይኔ አየሁት!» ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ማሽኑ ምስኪን፣ ዘመኑ ገና 2017 ነው ተብሎ፣ በ2025 የታተመ ማኅተም ሲያይ ምን ይበል? ገና ያልተወለደ ሰው ፊርማ ነው የሆነበት!»

ሣህሉም ሳቀ፤ ተማሪዎቹም። የኔታ ግን አልሳቁም። ፊታቸው ጨለመ፤ ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑ ገብቷቸዋል። ዘይነት ይህን ስታይ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ፊታቸው ጎንበስ አለች።

«የኔታ፣ የርስዎ ቁጥር ልክ ነው። ማሽኑ ግን የተማረው በሌላ አገር አቈጣጠር ነው፤ ዕቃ ላኪዎቹም በዚያው ነው የሚያትሙት። ይፍቀዱልኝና ለሥራው ያህል በእነሱ ልተውለት። የእኛን ቀን እዚህ ከስክሪኑ በላይ እንጽፈዋለን፤ የብርጓል በየጠዋቱ ታድሰዋለች።»

የኔታ በምልክት ጠመኔ ጠየቁ። ሰሌዳው ላይም ጻፉ፦ ፯ ዓመት ከ፰ ወር። ቀጥለውም በጣታቸው ወደ ማሽኑ አመለከቱ፤ ጨምሪለት ማለታቸው ነው።

ቀኑን አቃናች። መዝገቡ ጸና፤ ማኅተሙ ተረጋገጠ፤ የድምፁም የምስሉም ኮዴኮች ከዲስኩ አንድ በአንድ እየተራገፉ ገቡ። የብርጓል ከቅጂዎቹ አንዱን ከፈተች። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም ወፍራም፣ ቁጡ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«አካሉ! አፍህን ክፈት እንጂ፣ ዝንብ አይገባብህም! እንደገና!»

ዲያቆን አካሉ፣ ያ ጢም ያወጣ ሰውዬ፣ ከበሩ ላይ ብድግ ብሎ ተስተካክሎ ቆመ። «እሺ፣ የኔታ» አለ። ያለው ለስክሪኑ ነበር። ከዚያ የተቀዳው ድምፅ ዜማውን ሲጀምር አብሮ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ ልክ ይሰጡ ነበር። አንድ ቦታ ላይ መቋሚያውን አንሥተው አስቆሙ፤ አካሉ ስቷል። የብርጓል ቪዲዮውን መለሰችው። እንደገና።

እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። ሐይቁ ረግቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዘይነት የዲስኩን ቅጂ ለየብርጓል ትታ፣ የምንጮቹንም ዝርዝር በእጇ ጽፋ ከሰሌዳው አጠገብ ለጠፈች። ልንሄድ ስንል የኔታ ልጃቸውን ጠርተው ለዘይነት አንድ ወረቀት ላኩ። ያሬዳዊ ዜማ የተማረ ሰው ሁሉ በደረሰበት የሚጠየቀው ጥያቄ ነው የተጻፈበት፦ የማን ተማሪ ነሽ?

ዘይነት ወረቀቱን አነበበች። ኮሌጁን ትጠራለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«የሐጂ ኑርሑሴን» አለች። «ባሕር ዳር፣ ጨርቅ ነጋዴው።»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስሙንም ከጥያቄው ሥር ጽፈው ወረቀቱን መለሱላት።

አካሉ ቦርሳዋን ተሸክሞ እስከ ጀልባው ሸኘን። ቦርሳዋን ጫነ፤ እሱ ግን አልተሳፈረም። ተማሪዎቹ የሸከፉት ጓዝም ከጀልባው አጠገብ አልነበረም።

ያ ወረቀት አሁን በጨርቁ ሱቅ ከባንኮኒው በላይ በመስታወት ተሰቅሏል። ሐጂ ኑርሑሴን ለገባ ደንበኛ ሁሉ ያሳያሉ። ዘይነትም ከግድግዳው ማዶ፣ «አባ፣ ሰውየው የመጣው ጨርቅ ሊገዛ ነው!» ትላቸዋለች።

«ይቆይ» ይላሉ እሳቸው። «መጀመሪያ ከማን እንደሚገዛ ይወቅ።»