ከአባያው ሥር

ወይዘሮ ገንዘቤ ሱሪ ከምትለብስ ሴት ጋር ጠብ አላቸው። ሌላ ክፉ አመል የለባቸውም፤ የሰሚት ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል። በጸሎት ቤታቸው ግን ሱሪ የወንድ ልብስ ነው፤ አለቀ። ከአራት ዓመት በፊት ልጃቸው ሩሃማ በመጀመሪያ ደመወዟ ጂንስ ገዛች። ከመዘምራኑ አንዷ አየችባትና ነገረቻቸው። እሳቸውም ጂንሱን በመቀስ ብጥስጥስ አድርገው አልጋዋ ላይ ከመሩላት። ሩሃማ አላለቀሰችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለእናቷ ከ“እሺ” እና ከ“ደህና” ያለፈ ቃል አልወጣትም።

አሁን ሩሃማ ነርስ ሆና ጅዳ ልትሠራ ነው፤ ለሁለት ዓመት። በረራዋ ነገ ነው። አኩርፋ የሄደች ልጅ መቼ ትደውላለች? ገንዘቤን ሆዳቸውን የሚበላቸው ይሄ ነው። ስለ ጂንሱ ማንሳት ሞት ሆነባቸው። እንግዲያው ልብሷን እንኳ ላሰናዳላት ብለው ወሎ ሰፈር፣ መኪያ ሱቅ ሄዱ። መኪያ ጅዳ ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች የወሎ ሴት ናት።

ሁለት ሰፋፊ ጥቁር አባያ አወጣችላቸው። ቀጥላ ሦስት ስስ የጥጥ ሱሪ ደረበችበት።

“ይሄ ደግሞ ምንድነው?” አሉ ገንዘቤ።

“ከሥር የሚለበስ ነዋ፣ እትዬ! በዚያ ሙቀት ጭኗ በላብ ይላጥ? ነፋስ አባያውን ሲገልበው እግሯ ይታይ? እኔ እዚያ ሳለሁ ያለ ሱሪ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።”

ገንዘቤ ሱሪውን በሁለት ጣታቸው አንስተው አዩት። ሲያወግዙት የኖሩት ልብስ ለጨዋነት ይለበሳል መባሉ መጀመሪያ አናደዳቸው። ቆይቶ አሳፈራቸው። ለዚህች ጨርቅ ነው አራት ዓመት ሙሉ ልጄን ያጣሁት?

“ጠቅልዪው” አሉ።

ከሰዓት ሩሃማ ሻንጣዋን ስትፈትሽ ሱሪዎቹን አገኘች።

“እማ፣ ባለሱቋ የሰው ዕቃ ቀላቅላብሻለች።”

በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል አውርታቸው አታውቅም።

“የሰው አይደለም፤ ያንቺ ነው። እኔ ነኝ የገዛሁት።”

ሩሃማ ቀና ብላ አየቻቸው። ገንዘቤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ነፋሱ ማብራራት ጀመሩና ተዉት። በመኪያ ምክር መደበቅ ይችሉ ነበር፤ አላሰኛቸውም።

“ያኔ በድዬሻለሁ” አሉ። “ይቅር በይኝ፣ ልጄ።”

ሩሃማ ሱሪዎቹን አንድ በአንድ አጥፋ ሻንጣው ውስጥ መልሳ ከተተች።

“አልረሳሁትም፣ እማ” አለች። “ግን በየቀኑ እደውልልሻለሁ።”