ሳይሟላ የተጀመረ መድኃኒት

አክስቴን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። መርሳ ላይ የማርያም ማኅበር በማንም ቤት ይውጣ፣ አንዲት ማኅበርተኛ ከዘገየች ዳቦ አያስቆርሱም ነበር። ቄሱ ቢያዛጉ፣ ሴቶቹ ቢያጉረመርሙ፣ «ሳንሟላ አይጀመርም» ብለው በር በሩን ያያሉ።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሲይዛቸው ላቦራቶሪው ደግ ሠርቶ ነበር። ከአክታቸው የተገኘውን ባክቴሪያ በየመድኃኒቱ ፈትኖ የትኞቹ እንደሚያጠፉት ለየ። ሐኪሙም መድኃኒቶቹ አብረው እንዲወሰዱ፣ አንዱ ከጎደለ ባክቴሪያው የቀሩትንም እንደሚላመድ አስጠነቀቃቸው። ብዙም ሳይቆይ መድኃኒት የሚያድለው ሰው «አንዱ አልቋል፤ እስኪመጣ የቀሩትን ይውሰዱ» አላቸው።

«ልጄ፣ ሳይሟላ ይጀመራል እንዴ?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ማኅበር አይደለም» ብሎ ሳቀ። እርሳቸውም የቀሩትን ብቻ መዋጥ ጀመሩ።

ይህን በስልክ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ እየሳቁ፣ ሳል እያቋረጣቸው። የጎደለው መድኃኒት ያን ጊዜ ወልድያ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከመርሳ ወልድያ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። መድኃኒቱ ሲደርስ አክታቸው እንደገና ተፈተነ፤ ባክቴሪያው የቀሩትንም ተላምዷል።

«የእግዜር ፈቃድ ነው» የሚሉኝ አሉ። በፈቃዱ አምናለሁ። የሰውን ቸልታ በእርሱ ስም መሸፈን ግን ድፍረት ነው።

አክስቴ ካረፉ ወዲህ በወጣው ማኅበር ሴቶቹ ዳቦውን እንደሸፈኑ በሩን እያዩ ተቀመጡ አሉኝ። ቄሱም «ማንን ትጠብቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሴቶቹ ዳቦ ለመቁረስ እንኳ አክስቴን ጠበቁ። ለእርሳቸው ሕይወት ግን ወልድያ ድረስ የሄደ ሰው አልነበረም።