በሙሉ ፈቃዴ

ድንጋይ በመዶሻ ሲፈለጥ የሚወጣ ሽታ አለ። ባሩድ ባሩድ የሚል፣ አፍንጫ ጫፍ ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ። ሰሞኑን ጎረቤቴ አጥር ሊያጥር ድንጋይ ያስፈልጣል፤ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ያ ሽታ ቀድሞኝ ይገባል። አንተ ባለፈው የጥናት ቅጽህን ይዘህ መጥተህ «ወጣቶች የማኅበረሰብ አገልግሎት በግዴታ ይስጡ ወይ?» ብለህ ስትጠይቀኝ ዝም ያልኩህ መልስ አጥቼ አይደለም። ቅጽህ ላይ «እስማማለሁ» እና «አልስማማም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች ብቻ ነበሩ። የእኔ መልስ እዚያ ውስጥ አልገባ አለኝ። አሁን ጊዜ ካለህ ተቀመጥና ልንገርህ።

ከጦርነቱ በፊት ነው። ዘጠነኛ ክፍል ጨርሼ ወደ አሥረኛ ያለፍኩበት ክረምት። አባቴ ሰቆጣ ገበያ ዳር የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበር። ትሑት ሰው ነው። የቢሮ ሰው በሱቁ ደጃፍ ካለፈ የስፌት መኪናውን አቁሞ ብድግ ይላል። እኔ ደግሞ ከማን እንደወረስኩት አላውቅም፣ ምላሴ አይታሰርም ነበር።

ጓደኛዬ የደሃና ወረዳ ልጅ ነበረች። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትማራለች፤ በሶና ቆሎ ከቤቷ በአህያ ይላክላታል። አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። ሒሳብ ላይ የሚደርስባት አልነበረም። አፏን የፈታችው በዋግ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ስለሆነ፣ ሰው ላይ መቀለድ ስትፈልግ አማርኛው እንዳልገባት ትሆናለች።

ትምህርት በተዘጋበት ቀን ባንዲራው ሥር ተሰልፈን ርዕሰ መምህሩ ማስታወቂያ አነበቡ። ወደ አሥረኛ ያለፍን ሁሉ ለአንድ ወር በጎ ፈቃድ አገልግሎት እንሰጣለን፤ የተሳትፎ ወረቀት ያልያዘ ተማሪ አይመዘገብም።

«በጎ ፈቃድ ምን ማለት ነው?» አለችኝ ጆሮዬ ሥር።

«በራስ ፍላጎት ማለት ነዋ።»

«ካልፈለግሁስ?»

«አትመዘገቢም።»

በነጠላዋ ጫፍ አፏን አፍና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ገና የሚያስቅ ነገር ነበር።

የተመደብንበት ተራራ ሰቆጣ ዙሪያ ነው፤ ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ያስኬዳል። በማለዳ ጉሙ ሳይገለጥ እንነሳለን። ተራራው የተላጨ ራስ ይመስል ነበር፤ አንድ ዛፍ የለበትም፣ ጎርፉ የቀደደው ቦይ ከላይ እስከ ታች ይታያል። ሥራችን የድንጋይ እርከን መሥራት ነው። ወንዶቹ በዲጂኖ ይነቅላሉ፣ በመዶሻ ይፈልጣሉ፤ እኛ ሴቶቹ እንሸከማለን፣ እንደረድራለን።

እውነቱን ልንገርህ፤ ሥራውን ወደድኩት። ይህን ሳልናገር ሌላውን ብነግርህ ውሸታም እሆናለሁ። መጀመሪያ ሰሞን መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ከዚያ ጠነከረ። እርከን የሚያስተምሩን የአካባቢው ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። አማርኛቸው ትንሽ ስለሆነ ጓደኛዬ ትተረጉምላቸዋለች። ሳንጠነቀቅ የደረደርነውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ያፈርሱብናል። «ትልቁን ከታች! ወደ ገደሉ አይደለም፣ ወደ ተራራው ጋደል ይበል!» ይላሉ፤ እሷም የእሳቸውን ቁጣ ጨምራ ትተረጉማለች። አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ ሲያባራ ወሰዱንና ከእርከናችን በላይ የተኛውን አፈር አሳዩን። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ከላይ ታጥቦ የመጣ አፈር፤ እኛ በደረደርነው ድንጋይ ተይዞ ቀርቷል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ዘግነው አሸተቱት። ከዚያ ለእኔም ሰጡኝ። በሕይወቴ ያን ያህል የረባ ነገር የሠራሁ መስሎ የተሰማኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ከእኛ ክፍል አንዳንዶች አልመጡም ነበር። የትልልቅ ሰዎች ልጆች ናቸው። ስማቸው ግን በመዝገቡ ላይ በየቀኑ «ተገኝቷል» ይባላል። አየን፣ ዝም አልን።

አሥር ቀን ያህል እንደሠራን፣ አንድ የደሃና ሰው ተራራውን እያቆራረጠ መጣና ጓደኛዬን ጠራት። በኽምጥኛ ነበር የሚያወሩት፤ እኔ የገባኝ ፊቷን ሳይ ነው። እናቷ ወልዳለች። ብዙ ደም ፈሷታል፤ ከአልጋ አልተነሳችም። አባቷ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዷል፣ ገብሱ በአረም ተውጧል፣ ከእሷ በታች ያሉት ሕፃናት ናቸው።

ወደ አስተባባሪው አብረን ሄድን። ፊሽካ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ወጣት ነው፣ ከእኛ ብዙም የማይበልጥ።

«እናቴ አራስ ናት፣ ታማለች። ልሂድና ሲሻላት ልመለስ» አለችው።

«ሁሉም ሰው እናት አለው።»

«ከመከር በኋላ የቀረሁባቸውን ቀናት ሁሉ አካክሳለሁ። ቅዳሜና እሑድ እየመጣሁ እሠራለሁ።»

«እንደዚያ የሚል መመሪያ የለም።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «በጎ ፈቃድ አይደለም እንዴ?»

«በጎ ፈቃድ ነው» አለ ኮስተር ብሎ፤ «ግን አቋርጦ መሄድ አይቻልም።»

ከኋላችን የቆሙት ልጆች ሳቁ። እሱ ለምን እንደሳቁ አልገባውም፤ ወይም ገብቶት ይሆናል፣ ጆሮው ቀላ። ጓደኛዬ ግን አልሳቀችም። ድንጋይ የምትሸከምበትን ጆንያ ከትከሻዋ አውርዳ አጥፋ መሬት አስቀመጠችው። «ይኸው ፈቃዴ» አለችው። ከመጣው ሰው ጋር ተራራውን ወረደች። አስተባባሪው መዝገቡን አውጥቶ ስሟ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሲያሰምር ቆሜ አየሁት።

እኔ ወሩን ጨረስኩ። አልዋሽህም፤ ፈርቼ ነው።

በመጨረሻው ቀን አዳራሽ ተሰበሰብን። ለስላሳና ዳቦ ነበር፣ ንግግርም ነበር። ከዚያ ወረቀቱ መጣ። በየተራ እየተጠራን ፈርመን ቅጂውን እንወስዳለን። የእኔ ተራ ሲደርስ እስክሪብቶውን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። «አገልግሎቱን በሙሉ ፈቃዴ የፈጸምኩ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ይላል።

ማንበብ አልነበረብኝም። ማንም አላነበበውም። ግን ያቺን ቃል ሳይ ጓደኛዬ ያጠፈችው ጆንያ ታየኝ። «በሙሉ ፈቃዴ» የሚለውን ሰረዝኩና ከላዩ «ተገድጄ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

አስተባባሪው አየው። «ምንድነው ይሄ?»

«ቃሉን አስተካክዬ ነው።»

«ማን አስገደደሽ?»

«ካልሠራሽ አትማሪም ያለኝ።»

የለስላሳ ጠርሙስ ሲቀመጥ ይሰማ ነበር። ወረቀቱን ነጥቆኝ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄደ። «አባትሽን ይዘሽ ነይ» ተባልኩ።

አባቴ ያን ቀን አልመታኝም፣ አልጮኸብኝም። የሚሰፋውን ሱሪ ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ለረጅም ጊዜ ክሩን ሲፈትል ቆየ። «ልጄ፣ ምን አለበት ብትፈርሚው?» አለኝ በመጨረሻ። «ሁሉም ፈርሟል።»

«ውሸት ነው፣ አባዬ።»

«እሱማ ውሸት ነው» አለና ወደ መኪናው ዞረ።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ዛሬ እኔም አስተማሪ ሆኜ ወንበራቸው ምን ያህል እንደሚቆረቁር አውቃለሁ። ብቻዬን አስጠርተው በለሆሳስ አናገሩኝ። ወረቀቱ ከሌሎቹ ጋር ወደ ላይ ይሄዳል፤ አንዲት ልጅ «ተገድጄ» ብላ ከታየች ጥያቄው ለእሳቸው ነው። «አዲስ ወረቀት ልስጥሽ። እንደ ሌላው ፈርሚ። እኔም ያቺን ጓደኛሽን ደንቡ ባይፈቅድም እመዘግባታለሁ» አሉኝ።

ከቢሯቸው ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም። አንዲት ቃል ብቻ! ለደሃና ገበያተኞች መልእክት ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ ራሷ መጣች። ቀኑን ሙሉ በእግሯ ተጉዛ፣ ጫማዋን ጭቃ ውጦት። ከስታለች። ከልብሷ የቅቤና የሕፃን ሽታ ይመጣል። እናቷ መቀመጥ ጀምራለች፤ ሕፃኗ ሴት ናት። የአባቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳት።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «አትፈርሚ» አለች።

«አንቺ ትማሪያለሽ እኮ! አንድ ቃል ናት።»

«አንድ ቃል ከሆነች እነሱ ለምን አይተዋትም?»

ለመንኳት። አለቀስኩ ብልህ ይሻላል። የሒሳብ ደብተሯን አነሳሁባት፣ የምትመኘውን ዩኒቨርሲቲ አነሳሁባት። «ስሜን የሰረዙት እናቴ ጋ ስለሄድኩ ነው። ጥፋት ከሆነ ጥፋት ይበሉኝ፤ አንቺ ስትዋሺልኝ ግን እናቴ ጋ መሄዴን ራሴም ጥፋት ነው ያልኩ እመስላለሁ» አለች። ከዚያ የእኔን መዳፍ ገልብጣ የጠነከረውን ቦታ በጣቷ ነካችው። «የገበሬ እጅ አወጣሽ» ብላ ሳቀችብኝ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ እናቷ ተመለሰች።

በዚያው ዕለት አባቴና እኔ ቢሮ ገባን። አባቴ የበዓል ኮቱን ለብሶ ነበር። ርዕሰ መምህሩ አዲሱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«አልፈርምም» አልኩ። «ሥራውን ሠርቻለሁ። ድንጋዩን ሄዳችሁ ቁጠሩት። ፈቃዴን ግን አልሰጠኋችሁም፤ ማንም አልጠየቀኝም።»

ርዕሰ መምህሩ ወደ አባቴ ዞሩ። «እርስዎ ይምከሯት እንጂ፤ ልጅ ናት።»

አባቴ ከወንበሩ ብድግ አለ። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን የተሰረዘውን፣ አሮጌውን ወረቀት እንዲያሳዩት ጠየቀ። ከኪሱ መነጽሩን አውጥቶ፣ ልክ የጨርቅ ስፌት እንደሚመረምር፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጎ አነበበው። «እስክሪብቶ ይስጡኝ፣ ጌታዬ» አለ። ሰጡት። ከእኔ ስም ሥር በዝግታ የራሱን ስም ጻፈ። «እኔም ምስክር ነኝ። ልጄ ተገዳ ነው የሠራችው፤ ደግሞም በደንብ ነው የሠራችው።» እስክሪብቶውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ተመዘገብኩ። አንድም ቀን ስላልቀረሁ የሚከለክሉበት አጡ መሰለኝ፤ ወረቀቱ ወደ ላይ ይሂድ ወይም መሳቢያ ውስጥ ይቅር አላውቅም። ጓደኛዬን ግን «ለከርሞ ትምጣ» አሏት። ለከርሞ ዝናቡ ቀረ። ከዚያ አንድ ደላላ መጣና ከመንደሯ ልጆች ጋር ወደ ዓረብ አገር ወጣች።

በስውር ብፈርምላትስ ኖሮ? ይህን ስንት ጊዜ ራሴን እንደጠየቅሁት አትጠይቀኝ። አንዳንድ ቀን ትክክል ነበርኩ እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የፈተና ወረቀት እያረምኩ አንድ ልጅ ሒሳቡን አሳምሮ ሲሠራው አያለሁና እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ።

እንግዲህ መልሴን ጻፈው፤ በሣጥኑ ውስጥ አይደለም፣ ቦታ ካነሰህ በጀርባው። ልጆች ድንጋይ ያንሱ። አፈር ይሽተቱ። የሹሙም ልጅ የገበሬውም ልጅ እኩል ላቡ ይፍሰስ። ግን ግዴታ ከሆነ ግዴታ በሉት፤ ያዘዘው ሰው በስሙ ይፈርምበት። እናቷ የታመመችባት ልጅ ትሂድ፤ ስትመለስ በሩ ክፍት ይጠብቃት። አስገድዳችሁ ስታበቁ ደግሞ ልጁን «ወድጄ ነው» በል አትበሉት። ይህን እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ አልፈረምኩም፣ ዛሬም አልፈርምም። ለሚልክህም ሰው እንዲህ አለች በለው።

ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ተመልሳ ነበር፤ እናቷ ባረፈች ጊዜ። ለአርባው ደርሳ ልትመለስ ስትል ሰቆጣ አንድ ቀን አደረች። የት ልውሰድሽ ብላት «የምታስተምሪበትን ክፍል አሳይኝ» አለችኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ግቢው ባዶ። ቁልፍ ከዘበኛው ተቀብዬ ከፈትኩላት። ፀሐዩ በሰባራው መስኮት ገብቶ አቧራውን ያሳያል። በዴስኮቹ መሐል ቀስ ብላ ተራመደች፤ እንደ ሽቱ መዓዛዋና እንደ ጥቁር ልብሷ ያለ ነገር ያ ክፍል አይቶ አያውቅም።

«አሥረኛ ክፍል ይሄ ነው?» አለችኝ።

«ይሄ ነው።»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ሁለት እጆቿን ዴስኩ ላይ አኖረች፤ በሳሙናና በበረኪና ብዛት የተላጡ እጆች። ጥቁር ሰሌዳውን ታያለች። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የስም መጥሪያ አነሳሁና ከፈትኩት። ስሟ እዚያ ውስጥ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ከነአባቷ ስም ጮክ ብዬ ጠራኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ከመቀመጫዋ ተነሳችና፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆማ፣ «አቤት» አለች።